የከርከሮው ራስና የገናው ግንድ፦ የሁሲክ ጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ

የእህቴ ልጅ "የትምህርት ቤቴን ገና ሳታዩ እንዳትቀሩ" እያለ ከመስከረም ጀምሮ ሲወተውተን ከረመ። እናቱ የሆስፒታል ፈረቃዋን የሚቀይርላት ሰው አላገኘችም። ስለዚህ እኔና ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ተነሣን። ከሲልቨር ስፕሪንግ ጎህ ሳይቀድ ወጥተን ዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን ባቡር ያዝን። ኒው ዮርክ ላይ ቀየርን። ከዚያ በሃድሰን ወንዝ ዳር ዳር ወደ ሰሜን፣ ትምህርት ቤቱ ወዳለባት ወደ ሁሲክ።

ይህን መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ከኒው ዮርክ ስትሳፈሩ በግራ በኩል ተቀመጡ። ወንዙ በዚያ በኩል ነው። እስከ አልባኒ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፣ እንቅልፍ ግን አይወስዳችሁም። ኦሲኒንግ ላይ ሐዲዱ የሲንግ ሲንግ እስር ቤትን ግቢ ሰንጥቆ ያልፋል። ትንሽ ቆይቶ ከወንዙ ማዶ የዌስት ፖይንት ጦር አካዳሚ ግራጫ ግንብ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ወንዙ መሀል ካለች ደሴት ላይ አንድ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ለመጋዘን ያሠራው ቤተ መንግሥት የሚመስል ፍርስራሽ ይታያል። እማዬ መቁጠሪያዋን ይዛ ውኃውን ስታይ ቆየችና "ዓባይን እኮ ያክላል" አለች። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

የነቢያት ጾም ላይ ነን። እማዬ ደግሞ በመንገድም ሆነ በእንግድነት ጾም የምትፈታ ሰው አይደለችም። በሻንጣዋ በሶ፣ ቆሎና የሱፍ ዱቄት ይዛለች። ለልጁ ደግሞ አንድ ትልቅ ፌስታል ድርቆሽ። አዳሪ ትምህርት ቤት ላለ ልጅ ከድርቆሽ የሚሻል ስንቅ የለም፤ አይበላሽም፣ ወጥ ካለ ፍርፍር ይሆናል፣ ወጥ ከሌለ እንዲሁ ይቆረጠማል።

አልባኒ መኪና ተከራይተን በትሮይ በኩል አለፍን። ትሮይ በጨርቃ ጨርቅ፣ በተለይ ደግሞ በሸሚዝ ኮሌታ የታወቀች ከተማ ነበረች። የገና አባትን በስምንት አጋዘን እየተጎተተ ጣራ ላይ ሲያርፍ የሚያሳየው ዝነኛው የልጆች ግጥም መጀመሪያ የታተመውም እዚህ፣ በከተማዋ ጋዜጣ ላይ ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር 1823፣ ዲሴምበር 23። አሜሪካ ውስጥ ገናን ገና ካስመሰሉት ነገሮች ብዙዎቹ ከዚህ ከሃድሰን አካባቢ ነው የወጡት። ለማየት ግን አልታደልንም። ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ጠልቃ መጨለም ጀመረ። በጨለማ ሰባት ቁጥርን መንገድ ይዘን ቤኒንግተን ገባን። ከተማዋ ቨርሞንት ግዛት ናት፣ ሁሲክ ኒው ዮርክ ግዛት። በመኪና ግን ጎረቤት ናቸው። ማደሪያችን ማሞቂያው ጥሩ ነበር፣ ሌላው ይቅር።

ዓርብ

ትምህርት ቤቱ ሁሳክ ይባላል። ከ8ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚያስተምር አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ኤድዋርድ ዱድሊ ቲቢትስ የሚባሉ የኤፒስኮፓል ቄስ ናቸው በፈረንጆች 1889 የመሠረቱት። ለእማዬ በሚገባት ልንገራት ብዬ "አፄ ምኒልክ ዘውድ የጫኑበት ዓመት ነው" አልኳት። "ታዲያ እንዲህ ያረጀ ነገር ፈረንጅም አለው በይኛ" አለች። የቲቢትስ ቤተሰብ ትልቁ አሮጌ ቤት ዛሬም ግቢው ውስጥ ቆሟል።

ግቢው ሰፊ ነው፣ ልጁ ግን ጥቂት ነው። ሁሉም ሁሉን በስም ያውቃል። ይህን የተረዳሁት ገና ከመኪና ስንወርድ ነው። የእህቴ ልጅ እየሮጠ መጣና፣ ጓደኞቹ ሁሉ ቆመው እያዩት፣ በረዶው ላይ ጎንበስ ብሎ የአያቱን ጉልበት ሳመ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። አሜሪካ ነው የተወለደው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ እኩዮቹ ፊት እናቱ እንዳታቅፈው የሚሸሽበት አገር ነው ይህ። እማዬ "ጎሽ የኔ ልጅ፣ እደግ፣ ተመንደግ" እያለች ራሱን ዳበሰችው። ከጎኑ የቆመው ረጅሙ ልጅ፣ የመኝታ ክፍል ጓደኛው ነው፣ ከቼክ አገር ሆኪ ሊጫወት የመጣ፣ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየና እሱም ጎንበስ አለ። እማዬ እሱንም መረቀችው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የልጅ ልጆቿ ቁጥር ጨመረ።

ኤፒስኮፓል ማለት፣ ለማታውቁት፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የአሜሪካ ልጅ ናት። አሜሪካ ነፃ ስትወጣ እሷም በ1789 የራሷን አስተዳደር አቋቋመች። ጳጳስ፣ ቄስና ዲያቆን አላት። የጸሎት መጽሐፍ አላት። ዓመቱን በበዓልና በጾም ከፋፍላ የምትሄድ ናት። ለኛ ለስደተኞቹ ደግሞ እንግዳ አይደለችም። የኛ ደብር የራሷን ሕንፃ እስክትገዛ ድረስ ስትቀድስ የኖረችው በአንድ የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ነው። ከበሮአችንን እዚያው ምድር ቤት አሳድረን እንሄድ ነበር። ይህን ውለታ ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይሞቃል።

ምሳ ላይ ልጆቹ እማዬን ከበቧት። የእህቴ ልጅ ያስተረጉማል፣ እሷ ትጠይቃለች። በዓላችሁ ምን ምን ነው? የእንስሳት ቡራኬ አለ አሉ፣ በኦክቶበር መጀመሪያ በቅዱስ ፍራንሲስ ቀን፣ በኤፒስኮፓል ትምህርት ቤቶች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ልጆች ውሻቸውን፣ ድመታቸውን፣ አንዳንዱ ዔሊውን ይዞ ይመጣና ቄስ ይባርክለታል። ይህን ስትሰማ እማዬ ብዙም አልገረማትም። የገረማት ሌላው ነው። ዐቢይ ጾማቸው ሊገባ ሲል፣ ማክሰኞ ማታ፣ ተሰብስበው ፓንኬክ ይበላሉ። ለምን ፓንኬክ? ቤት ውስጥ የቀረው እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ጾሙ ሳይገባ እንዲያልቅ ነው።

እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ቅበላ!" አለች። "ቅበላ እኮ ነው የሚሉት!"

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት። በማግስቱ ረቡዕ ግንባራቸው ላይ የሚቀቡት አመድ ካለፈው ዓመት ሆሳዕና የቀረው ዘንባባ ተቃጥሎ የሚገኝ እንደሆነ ሲነግሯት፣ እኛ የሆሳዕናን ዘንባባ ቀለበት ሠርተን ጣታችን ላይ እንደምናስር፣ መስቀልም ሠርተን ግንባራችን ላይ እንደምናደርግ በእጇ እያሳየች አስረዳቻቸው። አንዷ ልጅ ናፕኪን ቀድዳ ሰጠቻት። እማዬ ናፕኪኗን አጥፋ አጥፋ ቀለበት ሠራችላት። ያቺ ልጅ ማታ ልምምድ ላይ ሳያት ቀለበቱ ጣቷ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ልምምዱ። የመጣንበት ጉዳይ "የከርከሮ ራስና የገና ግንድ" የሚባለው በዓል ነው። ትምህርት ቤቱ ከምሥረታው ዘመን ጀምሮ በየዓመቱ፣ ልጆቹ ለገና ዕረፍት ከመበተናቸው በፊት ያከብረዋል። ታሪኩን ነገ እነግራችኋለሁ። ዛሬ ያየሁት የጓዳውን ነው፣ ለኔ ደግሞ ጓዳው ነው የበለጠብኝ። ሰባት ስምንት ልጅ ከባዱን ግንድ በገመድ እየጎተተ ይለማመዳል። ግራና ቀኝ እግራቸው እኩል ካልሄደ ግንዱ ይዞራል። ከፊት ያለው የ12ኛ ክፍል ልጅ "አንድ፣ ሁለት" እያለ ይመራል። የእህቴ ልጅ አምና ወንበር ደርዳሪ ነበር። ዘንድሮ ወደ ገመዱ አድጓል። የ12ኛ ክፍሉ ልጅ ቆም ብሎ ገመዱን ከእጁ ወሰደና በመዳፉ ሳይሆን በክርኑ ላይ አንዴ አዙሮ እንዲይዘው አሳየው። "እኔንም እንዲህ ነው ያሳዩኝ፣ ካልሆነ ይልጥሃል" አለው። በሚቀጥለው ዓመት ያ ልጅ የለም። ሌላውን የሚያሳየው የኛው ልጅ ነው።

ያየሁት ነገር ሁሉ እንዲህ ነበር። ልብስ የሚያጠብቁት ትልልቆቹ ሴቶች ልጆች ናቸው፣ ለትንንሾቹ። መዝሙር የማይችለው መብራት ይይዛል። መብራት ያልያዘው በር ላይ ይቆማል። ሥራ ፈት ልጅ አላየሁም።

ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ በረዶ ጣለ። እማዬ ጋቢዋን በካፖርቷ ላይ ደርባ ነው የወጣችው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድ፣ ኩዊንስ ኮሌጅ የሚባል አለ፣ በ1341 የተመሠረተ። አፈ ታሪኩ እንደሚለው አንድ የዚያ ኮሌጅ ተማሪ ጫካ ውስጥ የግሪኩን ፈላስፋ የአርስጣጣሊስን መጽሐፍ እያነበበ ሲሄድ ከርከሮ ይወረወርበታል። ልጁ በእጁ ሌላ የለውም። መጽሐፉን ከርከሮው ጉሮሮ ውስጥ ሰነቀረውና አነቀው። መጽሐፉን ትቶ መሄድ ስላልፈለገ የከርከሮውን ራስ ቆርጦ ይዞት ገባ፣ ማታ የከርከሮው ራስ ለእራት ቀረበ። ኮሌጁ ይህን እያሰበ በገና ሰሞን የከርከሮ ራስ በመዝሙር ማስገባት ልማዱ ሆነ። መዝሙሩ ግማሹ እንግሊዝኛ ግማሹ ላቲን ነው፣ የታተመውም ገና በ1521 ነው። ቄስ ቲቢትስ ይህን በዓል ወደ ሁሳክ አመጡት። ከሁሳክ ደግሞ ወደ ሌሎች የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ተዛመተ፤ ሲንሲናቲ ያለው ክራይስት ቸርች ካቴድራል ለምሳሌ ከ1940 ጀምሮ ያከብረዋል። እዚህ አገር በየከተማው በታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት የሚታየው ይህ በዓል አንዱ ትልቅ ምንጩ ይቺ ገጠር ያለች ትንሽ ትምህርት ቤት ናት።

አዳራሹ ሞልቷል። ወላጆች አሉ፣ የሰፈሩ ሰው አለ፣ ከዓመታት በፊት ተምረው የወጡ ሽማግሌዎችም አሉ። መብራት ጠፋ። ሙሉ ጨለማ።

ከዚያ አንዲት ልጅ ገባች። ስድስት ዓመት አይሞላትም። እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት መምህራኑ ከነቤተሰባቸው ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት፣ ልጆቻቸውም ከተማሪው ጋር አብረው ያድጋሉ። ሻማ ይዛለች፣ ሻማው ላይ ሰም እንዳያቃጥላት የወረቀት ክብ ተደርጎበታል። በሌላ እጇ እሳቱን ከነፋስ ጋርዳዋለች፣ ስለጋረደችውም ጣቶቿ ከውስጥ ቀይ ሆነው ያበራሉ። ዓይኗን ከሻማው አላነሳችም። ወደ ሕዝቡም፣ ወደ እናቷም አላየችም። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ እሳቱን እስከ መጨረሻው እስክታደርስ ጠበቃት። ከዚያች ሻማ ነው ሌላው ሻማ ሁሉ የሚለኮሰው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ዓለም ጨለማ ነበር፣ ብርሃን በሕፃን ገባ። እማዬ ማንም ሳያስተረጉምላት "ተወለደ" አለች በለሆሳስ።

ከዚያ ሰልፉ ቀጠለ። ቀይ የለበሱ ዘበኞች፣ አዳኞች፣ ወጥ ቤቶች፣ ዘማሪዎች። ከዚያ ከርከሮው! በሰሌዳ ላይ፣ በቅጠል ተከቦ፣ በትከሻ ተይዞ መጣ። እማዬ አማተበች።

"በጾም?" አለች በጆሮዬ። "ያውም አሳማ? ያውም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት?"

የሚበላ ሳይሆን የሚታይ መሆኑን ነገርኳት። በዚያ ዘመን ከርከሮ በጫካ የሚፈራ፣ ሰው የሚገድል አውሬ ነበር። ራሱ ተቆርጦ በዝማሬ መግባቱ ክርስቶስ በመወለዱ ክፉው መሸነፉን ለማሳየት ነው። ትንሽ አሰበችና፣ "ጊዮርጊስ ዘንዶውን እንደገደለው በይኛ" አለች። አዎ፣ እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ከርከሮውን በሰላም አየችው።

ንጉሥ ቬንሴስላስም መጣ፣ በበረዶ ውስጥ ለድኻ ማገዶና ምግብ ተሸክሞ የሄደው። የቼኩ ልጅ ነው የተጫወተው፣ ሌላ ማን ይጫወተው። ንጉሡ የርሱ አገር ሰው ነው፣ ቫትስላቭ ይሉታል፣ በሕይወቱ መስፍን እንጂ ንጉሥ አልነበረም፤ በወንድሙ ሰዎች ተገድሎ ሰማዕት ሆነ፣ አገሩ እስከ ዛሬ ሴፕቴምበር 28 በዓሉን ታከብራለች። ልጁ በትልቁ ካባ ውስጥ ቀና ብሎ ሲገባ ከቤቱ ምን ያህል እንደራቀ አሰብኩና ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ግንዱ በመጨረሻ ገባ። የእህቴ ልጅ ገመዱን በክርኑ ላይ አዙሮታል። እግራቸው እኩል ነው። ግንዱ አልዞረም። በጥንቱ ወግ ግንዱ የሚለኮሰው ካለፈው ዓመት ግንድ በተረፈው ፍም ወይም ቁራጭ ነው፣ እሳቱ ከዓመት ወደ ዓመት እንዳይቋረጥ። እረኞቹ፣ ሰብአ ሰገል፣ ሁሉም በተራው ለሕፃኑ ሰገደ። ሲያልቅ ያቺው ትንሽ ልጅ ሻማዋን ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ ወደ ውጭ ይዛው ወጣች። ብርሃኑ አዳራሽ ውስጥ አይቀርም፣ ወደ ዓለም ይወጣል።

ሲወጣ በቅርንፉድና በቀረፋ የፈላ ትኩስ የፖም ጭማቂ ታደለ። እማዬ አሸተተችው። "ቅቤ አለው?" የለውም። "እንቁላል?" የለውም። ሦስት ኩባያ ጠጣች፣ የኛን ቅመም ሻይ ይመስላል ብላ። ፑዲንጉን ግን አልነካችም፣ የእንስሳ ስብ ይገባበታል። የእህቴ ልጅም አልነካም። እየጾመ መሆኑን እኔ አላውቅም ነበር። ማንም አላስገደደውም። ጓደኞቹ ያውቃሉ፣ ኩሽናውም ያውቃል፣ ባቄላና ሩዝ ያዘጋጁለታል።

ማታ ማደሪያችን ገብተን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያሰብኩትን እንዲሁ ልጻፈው። እኛ ውጭ አገር ያለን ሀበሾች "ልጆቻችን ባህላቸውን ረሱ" እያልን ስንማረር እንኖራለን። ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ይለፋሉ፣ ያለ እነሱ ምን ይውጠን ነበር። ግን ስንቶቻችን ነን በበዓል ቀን ልጁን ነጭ አልብሰን፣ ፎቶ አንስተን፣ ከዚያ ምድር ቤት ስልኩን ይዞ እንዲቀመጥ የምንተወው? ጧፍ አንሰጠውም፣ ይጥለዋል ብለን። ከበሮ አናስይዘውም፣ አይችልም ብለን። የዳቦውን ሊጥ አናስነካውም፣ ያበላሻል ብለን። እዚህ ግን የስድስት ዓመት ልጅ በጨለማ አዳራሽ ውስጥ እሳት ይዛ እንድትገባ ያምኗታል። በዓሉ የልጆቹ ሆኗል። የልጆቹ የሆነው ደግሞ ስለተሰበከላቸው ሳይሆን በዓሉ እነሱ ካልተሸከሙት ስለማይገባ ነው። የእህቴ ልጅ የከርከሮውን በዓል እንዲህ ከወደደ፣ የኛንም ይወዳል፤ ገመድ ከሰጠነው። እኔ ይህን አምናለሁ፣ ለደብራችንም ስመለስ በግልጽ እናገራለሁ።

እሑድ

ጠዋት እዚያው አካባቢ ባለች ትንሽ የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ሄድን፣ የእህቴ ልጅና ቼኩ ልጅም አብረውን። የአድቬንት፣ ማለት የልደት ዋዜማ ሳምንታቸው፣ ሦስተኛው እሑድ ነው። ከአራቱ ሻማዎች ሦስቱ ሐምራዊ ናቸው፣ የዛሬው ግን ሮዝ ቀለም አለው፣ የደስታ እሑድ ስለሆነ። አድቬንት በጥንቱ ዘመን በምዕራቡም የጾም ጊዜ ነበር፣ ዛሬ ግን ጾሙ ላልቷል፣ ሐምራዊው ቀለምና ሻማው ነው የቀረው።

ቄሷ ሴት ናት። ኤፒስኮፓሎች ሴቶችን ቄስ አድርጎ መሾምን በ1976 ነው ያጸደቁት። እማዬን በጎን አየኋት። ምንም አላለችም፣ ነጠላዋን ብቻ አስተካከለች። ቅዳሴው መሀል ግን ሕዝቡ "ኪርዬ ኤሌይሶን" ብሎ መለሰ። እማዬ ደንገጥ አለችና ወዲያው ጎንበስ ብላ ሰገደች። በሰሙነ ሕማማት ሺህ ጊዜ የሰገደችበት ኪርያላይሶን ነዋ። በሌላ ዜማ ቢሆንም ጆሮዋ አልሳተም። አልቆረበችም፣ አይፈቀድልንም፤ ቄሷም አውቃ ኖሮ፣ እጇን በደረቷ ላይ አጣምራ ስትቀርብ ባርካት አለፈች። ሲወጡ እማዬ የቄሷን እጅ ለረጅም ጊዜ ይዛ በአማርኛ መረቀቻት። ተርጓሚ አልጠየቀም አንዳቸውም።

ከሰዓት ሁሲክ ፎልስ ሄደን የግራንድማ ሞዝስን መቃብር አየን። እኚህ ሴት የገበሬ ሚስት ነበሩ፣ በ1860 የተወለዱ። እጃቸውን ቁርጥማት ሲይዛቸው ጥልፉን ትተው በሰባዎቹ ዕድሜአቸው መገባደጃ ሥዕል ያዙ። የሚስሉት ይኼንኑ አገር ነበር፦ በረዶ፣ በፈረስ የሚጎተት ተንሸራታች፣ ፀደይ ሊገባ ሲል ከዛፍ ወለላ ቀድቶ ስኳር ማንጠር፣ የመንደሩ ሰው ለሥራ በደቦ ሲወጣ። በ1938 አንድ የሥዕል ሰብሳቢ እዚሁ ሁሲክ ፎልስ የመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ሥዕሎቻቸውን አይቶ ገዛቸው፣ ከዚያ ስማቸው ዓለምን ዞረ። በ1961 በ101 ዓመታቸው አረፉ። ይህን ሁሉ ለእማዬ ስነግራት በረዶውን ከድንጋዩ ላይ በጓንቷ ጠረገችና "ሰባ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ገና ነኝ ማለት ነው" አለች።

ሰኞ

ልጆቹ ለዕረፍት ተበተኑ። አገሩ ሩቅ የሆነ ልጅ የሚያርፍበት ቤት ይፈልጋል፣ ትምህርት ቤት እንዲህ ሲሆን አንዱ ሌላውን ይዞ ይሄዳል። ቼኩ ልጅ ከኛ ጋር ነው የሚመጣው። እማዬ ማንንም ሳትጠይቅ ዓርብ ዕለት ወስናዋለች። እህቴ በስልክ "አልጋ የለንም እኮ" ስትል "ፍራሽ አለ" አለቻት። አለቀ።

ባቡር ውስጥ ድርቆሹ ተከፈተ። ቼኩ ልጅ ሳይፈራ ቆረጠመ፣ ደግሞ ጠየቀ። እማዬ በሶ በጥብጣ ሰጠችው፣ እሱንም ጨረሰ።

ከዚያ ወሬው ወደ ገና ዞረ። የኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፣ ያኔ ግን የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት ተመልሷል። "ሁሌም ያመልጠኛል" አለ ቅር ብሎት። እማዬ መቁጠሪያዋን አስቀመጠች።

"ታዲያ እዚያው አታከብረውም? እነሱ ከርከሯቸውን ካሳዩን እኛ ገናችንን ብናሳያቸው ምን አለ?"

"ምን ላሳያቸው እምዬ?"

"ገና መጫወት ነዋ! ልጁ ሆኪ ይጫወታል አላልክም?"

ለቼኩ ልጅ በስልክ የገና ጨዋታ ቪዲዮ አሳየነው። ቆልማማ ዱላ፣ እንጨት ሩር፣ ሁለት ቡድን፣ ሰፊ ሜዳ። ዓይኑ በራ። ይህማ ሆኪ ነው አለ፣ በረዶ የሌለበት ሆኪ። የእህቴ ልጅ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚለውን ሲተረጉምለት፣ ድሮ ሎሌ ጌታውን በዱላ ቢመታው እንኳ በዚያ ቀን እንደማይቀየም ሲነግረው፣ አሰልጣኛቸውን ለማስገባት ሁለቱም ተስማሙ።

ሥራው እዚያው ተከፋፈለ። እኔ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ቀድሜ በፖስታ እልካለሁ። እህቴ ፈቃድ ከተሰጣት ራሷ ይዛው ትሄዳለች። የእህቴ ልጅ ሜዳውን ያስፈቅዳል፣ አምና ወንበር የደረደሩትን ልጆች ሰብስቦ ሕጉን ያስተምራል፣ ትንሿን ባለ ሻማ ልጅ ደግሞ ጧፍ ያስይዛታል። ቅዳሴውን ሌሊት በስልክ ከኛ ጋር ሆኖ ይከታተላል፣ ይህ የእማዬ ቅድመ ሁኔታ ነው፣ ድርድር የለውም። ቼኩ ልጅ ዱላውን በኃላፊነት ወሰደ፣ የተሰበሩ የሆኪ ዱላዎች ሞልተዋል አለ።

ባልቲሞር ስንደርስ ስለ ሩሩ እየተከራከሩ ነበር። ቼኩ ልጅ የሆኪው ጎማ ይበቃል ይላል፣ እማዬ ከእንጨት ካልተጠረበ አይሆንም ብላ አልሰማ አለች። የእህቴ ልጅ ከሁለቱም ሳይቆም ለትምህርት ቤቱ የእንጨት ሥራ ክፍል ካለ ሊጠይቅ መልእክት መጻፍ ጀምሯል።